ቁጥሩን ተዉት፣ መስመሩን አርሙ፦ የአውቶካድ ኤዲቲንግና ዳይሜንሽን ለጀማሪ ድራፍተር

የምትሠሩትን ፕላን መጨረሻ ላይ የሚያነበው ግንበኛው ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ድሬዳዋ ገና ሳትግል፣ ወረቀቱን ብሎኬት ላይ ዘርግቶ ሜትሩን መዝዞ ያየዋል። እናንተ እዚያ የላችሁም። ኮምፒውተሩም የለም። በእጁ ያለው ወረቀቱና ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ 4.00 ካለ፣ ግንበኛው 4 ሜትር ለክቶ ክር ይወጥራል።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ በሚባለው ሰፈር አንዲት ትንሽ የዲዛይን ቢሮ ውስጥ ድራፍቲንግ እሠራለሁ። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከኮሌጅ የወጡ ልጆች እየመጡ አብረን ኮምፒውተር ላይ እንቀመጣለን። ሁሉም ላይን መሳል ይችላሉ። ሬክታንግልም ሰርክልም ይሳሉ። የሚቸገሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የተሳለውን ማረም ላይና ልኬት ማውጣት ላይ። ይህን የምጽፈው ለእነሱና እንደነሱ ላሉት ነው።

በመጀመሪያ ቀን የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። ዳይሜንሽኑን፣ ማለትም ልኬቱን፣ የሚያወጣው የምንስልበት ፕሮግራም፣ አውቶካድ ራሱ ነው። መስመራችሁን ለክቶ ያገኘውን ይነግራችኋል። ስለዚህ ቁጥሩ ካላማራችሁ የተበላሸው መስመሩ ነው። መስመሩን አርሙ፤ ቁጥሩ ተከትሎ ይስተካከላል። ኤዲቲንግና ዳይሜንሽን በሁለት የተለያዩ ምዕራፎች ሲማሩ ልጆቹ ይህን ነገር ያጡታል። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የማስተምረው፣ በአንድ ትንሽ ቤት።

ቤቷ

አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት ይኑራት። ሳሎኑ 4.00 በ3.60፣ መኝታ ቤቱ 3.00 በ3.60። ግድግዳው ሁሉ ባለ 20 ብሎኬት። የምንሠራው በሜትር ነው። አውቶካድ 4 ብላችሁ ስትጽፉ 4 ሜትር ይሁን 4 ሚሊሜትር ግድ የለውም፤ እሱ የሚያውቀው 4 መሆኑን ነው። ሜትር ነው ብሎ መወሰንና እስከ መጨረሻ በዚያው መጽናት የእናንተ ፋንታ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ኤፍ 3 እና ኤፍ 8 መብራታቸውን እዩ። ኤፍ 3 ኦብጀክት ስናፕ ነው፤ ማውሱ የመስመሩን ጫፍ በትክክል እንዲይዝ ያደርጋል። ኤፍ 8 ኦርቶ ነው፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ብቻ እንዲሄድ ያደርጋል። ያለ ኤፍ 3 በዓይን ገምታችሁ ያገናኛችሁት መስመር ስክሪኑ ላይ የተገናኘ ይመስላል፤ ዙም ስታደርጉት ግን ክፍተቱን ታዩታላችሁ።

አሁን 7.60 በ4.00 የሆነ ሬክታንግል ሳሉ። ይህ የቤቷ የውጭ ልክ ነው። ከዚያ ኦፍሴት፤ በሰጣችሁት ርቀት ትይዩ መስመር ያወጣል። ኪቦርዱ ላይ ኦ ብላችሁ ኢንተር፣ 0.20 ብላችሁ ኢንተር፣ ሬክታንግሉን ንኩ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ክሊክ አድርጉ። ግድግዳው በአንድ ጊዜ ዙሪያውን ወጣ። የውስጡን ሬክታንግል ኤክስፕሎድ አድርጉት፣ አራቱ መስመሮች ለየብቻ እንዲሆኑ። የግራውን የውስጥ መስመር በ4.00 ኦፍሴት፣ የወጣውን መስመር ደግሞ በ0.20 ኦፍሴት። የመሐሉ ግድግዳ ይኸውላችሁ። ከእሱ በስተቀኝ የቀረው በራሱ 3.00 ይሆናል። ካልሆነ የሆነ ቦታ ላይ ተሳስታችኋልና ወደፊት አትሂዱ።

መቁረጥና ማስረዘም

የመሐሉ ግድግዳ ከላይና ከታች ከውጭው ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትንሽ መስመር አቋርጦ ቀርቷል። እሱን የሚቆርጠው ትሪም ነው፤ ቲ እና አር። እዚህ ጋ ልጆች ግራ የሚጋቡት የሶፍትዌሩ ዓመት ስለሚለያይ ነው። ከ2021 ጀምሮ ባሉት ቨርዥኖች ትሪም ብላችሁ የማትፈልጉትን ቁራጭ መንካት በቂ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ግን መጀመሪያ የት ላይ እንደሚቆረጥ ይጠይቃል። ኢንተር ብትሉት ያለውን መስመር ሁሉ እንደ መቁረጫ ይወስዳል፤ ከዚያ ቁራጩን ትነካላችሁ። እዚህ ከተማ ብዙ ላፕቶፕ ላይ ያለው አሮጌው ስለሆነ ሁለቱንም ልመዱ።

በሩን እንክፈት። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት የሚያስገባ፣ 0.90 ስፋት። የሳሎኑን የታችኛውን የውስጥ መስመር በ0.10 ወደ ላይ ኦፍሴት አድርጉ። ያችን 10 ሳንቲ ከጥጉ መተው ያስፈልጋል፤ ለበሩ ፍሬምና ለልስኑ ቦታ። ከዚያ የወጣውን በ0.90 ኦፍሴት። እነዚህ ሁለት መስመሮች የመሐሉ ግድግዳ ፊት ላይ ይቆማሉ፤ እኛ ግን እስከ ጀርባው እንዲደርሱ ነው የምንፈልገው። ኤክስቴንድ፣ ማለትም ኢ እና ኤክስ፣ እስከዚያ ያደርሳቸዋል። ትሪም ውስጥ እያላችሁ ሺፍትን ብትጫኑም ትሪሙ ኤክስቴንድ ይሆንላችኋል፤ እኔ ሁልጊዜ የምጠቀመው እሱን ነው። ከዚያ ትርፉን ቁረጡ፤ በሳሎኑ በኩል የተረፈውን መስመርና በበሩ ውስጥ ያለውን ግድግዳ። በሩ ተከፈተ። መስኮቶቹንና የፊቱን በር በዚሁ መንገድ ራሳችሁ አውጡ።

ጥግ ላይ ሳይገናኙ የቀሩ ወይም ተሻግረው ያለፉ ሁለት መስመሮች ካሉ ፊሌት ተጠቀሙ። ብዙዎች ፊሌት ጥግን ክብ ለማድረግ ብቻ ይመስላቸዋል። ሬዲየሱ ዜሮ ሲሆን ግን ሁለቱን መስመሮች በአንድ ጊዜ አስረዝሞም ሆነ ቆርጦ ሹል ጥግ ይሠራል። ሁለተኛውን መስመር ስትነኩ ሺፍትን ብትይዙ፣ ሬዲየሱ ስንትም ቢሆን እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል።

ባለቤቱ መጥተው "ትንሽ ይስፋልኝ" ሲሉ

እውነተኛው ፈተና ይህ ነው። ፕላኑ አልቋል፣ ዳይሜንሽኑ ወጥቷል። የቤቱ ባለቤት ይመጡና "ልጄ፣ መኝታ ቤቷ ቁም ሳጥን አትችልም፤ 40 ሳንቲ ጨምሪልኝ" ይላሉ። ሁሉን አጥፍቶ እንደገና የሚስል አለ። ከዚያ የባሰም አለ፤ 3.00 የሚለውን ነክቶ 3.40 ብሎ የሚጽፍ። መፍትሔው ስትሬች ነው፤ ኤስ።

ስትሬች እንዲገባችሁ ግን የምርጫ ሳጥኑን መረዳት አለባችሁ። ማውሱን ከግራ ወደ ቀኝ ስትከፍቱ ሳጥኑ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሙሉ በሙሉ ውስጡ የገባውን ብቻ ይይዛል። ከቀኝ ወደ ግራ ስትከፍቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ የነካውን ሁሉ ይይዛል። ስትሬች የሚሠራው በአረንጓዴው ነው። አረንጓዴው ሳጥን ውስጥ ሙሉ በሙሉ የገባው ነገር ቅርጹን ሳይቀይር ይንቀሳቀሳል። ሳጥኑ ያቋረጠው ደግሞ ይለጠጣል።

ስለዚህ በቤቷ ላይ እንዲህ አድርጉ። ኤስ ብላችሁ ኢንተር። ሳጥኑን ከቀኝ ውጭ ጀምራችሁ ወደ ግራ ሳቡት። የቀኙ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ከነመስኮቱ ውስጡ ይግባ። የሳጥኑ የግራ ጠርዝ የመኝታ ቤቱን የላይና የታች ግድግዳ ያቋርጥ። እነዚህ ግድግዳዎች ላይ መስኮት ካለ ግን ጠርዙ መስኮቱን መሐል ለመሐል እንዳይቆርጠው ተጠንቀቁ፤ ያለዚያ 1.20 የነበረው መስኮት 1.60 ይሆንባችኋል። ዳይሜንሽኖቹንም ሳጥኑ ይንካቸው። ኢንተር፣ የሆነ ነጥብ ንኩ፣ ኤፍ 8 እንደበራ ማውሱን ወደ ቀኝ አድርጋችሁ 0.40 ጻፉና ኢንተር።

አሁን ዳይሜንሽኖቹን እዩ። 3.00 የነበረው 3.40 ሆኗል። 7.60 የነበረው 8.00 ሆኗል። ማንም ቁጥር አልጻፈም። ልጆቹ ይህን መጀመሪያ ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ነገር ስለምወደው ነው በየጊዜው ሳልሰለች የማሳያቸው።

የቀሩት ቶሎ ይለመዳሉ። ሙቭ፣ ኮፒ፣ ሮቴት ስማቸው እንደሚለው ናቸው። ሚረር ለመንታ ቤት ድንቅ ነው፤ አንዱን ሠርታችሁ ሌላውን ትገለብጡታላችሁ። ጽሑፉ አብሮ ከተገለበጠባችሁ ሚርቴክስት የሚለውን ዜሮ አድርጉት። ስኬልን ግን በጥንቃቄ። ክፍል ለማስፋት ስኬል ያደረገ ሰው ግድግዳውንም አብሮ ያወፍራል፤ 20 ብሎኬት 22 ይሆናል፤ እንደዚያ የሚባል ብሎኬት ደግሞ ገበያ የለም። ስኬል የሚጠቅመው ስካን ተደርጎ የመጣ ካርታን ወደ እውነተኛ ልኩ ለማምጣት ነው። ሬፈረንስ የሚለውን መርጣችሁ፣ ልኩን የምታውቁትን አንድ ጎን ጫፍና ጫፍ ነክታችሁ፣ እውነተኛውን ቁጥር ትሰጡታላችሁ።

የዳይሜንሽን ስታይል

በሜትር እየሠራችሁ አይ-ኤስ-ኦ 25 የሚባለውን ስታይል እንዳለ ከተጠቀማችሁ የፊደሉ ቁመት 2.5 ነው፤ ማለትም 2 ሜትር ተኩል። መኝታ ቤቱን የሚሸፍን ቁጥር ይወጣል። ያን ጊዜ ልጆች የፊደሉን ቁመት እየቀነሱ፣ ቀስቱን እየቀነሱ፣ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይበላሽባቸዋል። ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ዲ ብላችሁ ስታይሉን ክፈቱ፣ ሞዲፋይ በሉ፣ ፊት (ኤፍ-አይ-ቲ) የሚለው ገጽ ላይ ኦቨርኦል ስኬል አለ። በ1:100 ለሚታተም 0.1 ጻፉ፣ በ1:50 ለሚታተም 0.05። ፊደሉ፣ ምልክቱ፣ ክፍተቱ ሁሉ አብሮ ይስተካከላል፤ ወረቀት ላይ ፊደሉ 2.5 ሚሊሜትር ሆኖ ይወጣል።

እዚያው ሳላችሁ ፕራይመሪ ዩኒትስ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ቀይሩ። ፕሪሲዥኑን 0.00 አድርጉ። ከሜትሩ ቀጥሎ ያለውን ኮማ ወደ ነጥብ ለውጡ። ትሬሊንግ የሚለውን ምልክት አንሱ፤ ያለዚያ 3.60 የሚለው 3.6 ሆኖ ይወጣል፣ 4.00 ደግሞ 4 ብቻ። ሳይት ላይ 4 የሚል ቁጥር ሜትር ነው ወይስ ሳንቲ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ቀስቱን ደግሞ አርኪቴክቸራል ቲክ ወደሚባለው አጭር ሰያፍ ሰረዝ ቀይሩት፤ ጠባብ ቦታ ላይ አይጨናነቅም።

ዳይሜንሽኑን በሦስት ረድፍ አውጡ። ለቤቱ የሚቀርበው ረድፍ በርና መስኮቱን ያሳይ። ሁለተኛው ግድግዳና ክፍሉን። የውጭው ጠቅላላውን። መጀመሪያ ሊኒየር፣ ማለትም ዲ-ኤል-አይ፣ በአንዱ ግድግዳ ላይ። ከዚያ ዲ-ሲ-ኦ ብላችሁ ኮንቲኒው፤ ቀጣዩን ነጥብ እየነካችሁ ብቻ መሄድ ነው። ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ይደረደራሉ። የምትነኩት ጫፍ የብሎኬቱ ፊት ይሁን፤ ልስኑን አትለኩ። ግንበኛው ብሎኬት ሲደረድር ልስን ገና የለም።

ዳይሜንሽንን ፈጽሞ ኤክስፕሎድ አታድርጉ። ተራ መስመርና ተራ ጽሑፍ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ቢሰፋም ቢጠብም አይሰማም።

"አሥር ሳንቲዋ የት ገባች?"

ከሌላ ቢሮ የመጣ ፕላን ይዘን ሳይት ሄደን ነበር። ፎርማኑ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ወረቀቱን አይተው በጣታቸው ይደምሩ ጀመር። 0.20፣ 4.00፣ 0.20፣ 3.00፣ 0.20። ከዚያ ቀና ብለው "አቦ፣ ይሄ ሲደመር 7.60 ነው። እዚህ የተጻፈው 7.50። አሥር ሳንቲዋ የት ገባች?" አሉ። ፋይሉን ስንከፍት ጠቅላላው ላይ ያለው ቁጥር በእጅ የተጻፈ ሆኖ ተገኘ። የቦታው ስፋት ጠቦ ይመስለኛል፣ የሠራው ሰው መስመሩን ከማረም ቁጥሩን ጽፎ አለፈ። ጋሼ ባይደምሩ ኖሮ ፋውንዴሽኑ በአንዱ ቁጥር፣ ግድግዳው በሌላው ይወጣ ነበር።

ይህን የምታዩበት መንገድ አለ። የተጠራጠራችሁትን ዳይሜንሽን ምረጡና ፕሮፐርቲስ ክፈቱ፤ ቴክስት ኦቨርራይድ የሚል ሳጥን አለ። ውስጡ ቁጥር ካለ በእጅ የተጻፈ ነው። ባዶ አድርጉት፤ እውነተኛው ልክ ተመልሶ ይመጣል። ሌላ ሰው የሠራውን ፋይል ስትቀበሉ መጀመሪያ ይህን አድርጉ።

ሌላው የተደበቀ ችግር ማጠጋጋት ነው። መስመሩ 3.9968 ቢሆን፣ ፕሪሲዥኑ 0.00 ስለሆነ 4.00 ብሎ ያሳያችኋል። አንዱ ላይ ምንም አይደለም። ብዙ ክፍል ባለው ፎቅ ላይ ግን ተጠራቅሞ ረድፉና ጠቅላላው አልገጥም ይላሉ። እኔ ሥራ ከማስረከቤ በፊት ፕሪሲዥኑን ለጊዜው ወደ 0.0000 ከፍ አደርጋለሁ። 4.0000 የሆነው ንጹሕ ነው። 3.9968 ያለው ቦታ ላይ ኤፍ 3 ሳይበራ የተሳለ መስመር አለ፤ እሱን አርሜ ፕሪሲዥኑን እመልሰዋለሁ።

ሐረር ላይ ግን

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱን ተከትላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚራ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ጥጉም ቀጥ ያለ ነው። እዚህ ኤፍ 8 እንደበራ ቢውል ችግር የለውም። ዳገቱን ወጥታችሁ ሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ የድሮ ቤት ለክታችሁ ሳሉ ስትባሉ ግን ልማዳችሁን ሁሉ መቀየር አለባችሁ።

የጀጎል ቤት በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ስለዚህ ኦፍሴት አይሠራም። የውስጡንና የውጭውን ፊት ለየብቻ ለክታችሁ ለየብቻ ትስላላችሁ። ጥጉ 90 ዲግሪ ነው ብላችሁ አትገምቱ። የክፍሉን አራት ጎኖች ከለካችሁ በኋላ ሁለቱን አግዳሚ፣ ከጥግ ወደ ጥግ፣ ጨምራችሁ ለኩ። አውቶካድ ላይ አንዱን ጎን ሳሉ። ከአንዱ ጫፉ የቀጣዩን ጎን ልክ ሬዲየስ አድርጋችሁ ሰርክል ሳሉ፤ ከሌላው ጫፍ የአግዳሚውን ልክ ሬዲየስ አድርጋችሁ ሌላ ሰርክል። ሁለቱ የሚቋረጡበት ነጥብ ሦስተኛው ጥግ ነው። አራተኛውንም በዚሁ መንገድ አግኙ። ሁለተኛው አግዳሚ ለማረጋገጫ ይሆናችኋል፤ ሜትሩ ካነበበው ጋር ካልገጠመ ተመልሳችሁ ለኩ።

ዳይሜንሽኑም ሊኒየር አይሆንም። ሊኒየር የሚያወጣው ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ያለውን ርቀት ብቻ ነው፤ ያዘነበለ ግድግዳ ላይ ከእውነተኛው ርዝመት ያንሳል። አላይንድ፣ ዲ-ኤ-ኤል፣ ግድግዳውን ተከትሎ ይለካል። ነደባዎቹን፣ ሰው የሚቀመጥባቸውን ከፍ ከፍ ያሉ መደቦች፣ በሴክሽን፣ ማለትም ቤቱ በቁመት ተቆርጦ በሚታይበት ሥዕል፣ ላይ ቤዝላይን በሚባለው አውጡ፤ ሁሉም ከታችኛው ወለል ተነስተው ይለኩ። አንዱን ከሌላው ላይ እየደመሩ መሄድ ስህተትን ያጠራቅማል።

ደግሞ ፊሌት አድርጋችሁ ጥጉን እንዳታቃኑት። እጃችሁ ለማስተካከል ይቸኩላል፤ አውቃለሁ። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ቤቱን የሚጠግነው ሰው የሚፈልገው ግድግዳው የት ጋ እንደሚጎብጥ ነው። ቀጥ አድርጋችሁ ከሳላችሁት፣ የሌለ ቤት ሳላችሁ ማለት ነው።

ከማተማችሁ በፊት

መብራት ሲሄድ ዩፒኤስ የሌለው ሰው ሥራውን ያጣል። ኮንትሮልና ኤስ መጫን እጃችሁ ይልመድ። አውቶሴቩ በየ10 ደቂቃው ነው የሚመጣው፤ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ ወደ 5 አውርዱት። ፋይሉ ከተበላሸ አጠገቡ ባክ የሚል መጨረሻ ያለው ፋይል ፈልጉ፤ መጨረሻውን ዲ-ደብልዩ-ጂ ብላችሁ ስትቀይሩት ይከፈታል።

ስታትሙ ፊት ቱ ፔፐር የሚለውን ምልክት አንሱ። በሜትር ለተሠራ ፕላን፣ በ1:50 ለማተም 1 ሚሊሜትር እኩል ይሆናል 0.05 ዩኒት ብላችሁ ሙሉ። ለ1:100 ደግሞ 0.1። ወረቀቱ ሲወጣ ማስመሪያ አንሱና ጠቅላላውን ለኩ። የሰፋችው ቤታችን 8.00 ሜትር ናት፤ በ1:50 ወረቀቱ ላይ 16 ሳንቲ መሆን አለባት። 15 ተኩል ወይም 16 ከምናምን ከሆነ፣ ወይ ያ ምልክት እንዳለ ቀርቷል፣ ወይ ማተሚያ ቤቱ ፒዲኤፉን ሲያትም አሳንሶታል። ልጁን "ዋሪያ፣ መቶ ፐርሰንት አድርገህ አውጣልኝ" በሉትና አዲሱንም ለክታችሁ ውሰዱ።